ስኮርታ ጎማ ጠፈር ላይ

(ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በንባብ ክበባችን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። አንድ ወጣት በስልኩ ቀድቶልኝ ነበር፤ ከዚያ ገለበጥኩት። ሳሌንና "እእእ"ዬን ብቻ ነው ያወጣሁት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ ጀማዓ!

ኧረ አቦ፣ ይሄ ምላሽ ነው? ሙቀቱ ነው ወይስ ምሳው? እንደምን ዋላችሁ! እንዲህ ነው እንጂ። ከኋላ ማራገቢያው ሥር የተቀመጣችሁት ተመችቷችኋል። የምንቀቀለው እኛ ፊት ያለነው ነን።

አባቶች፣ እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሐረር ድረስ የመጣችሁም አላችሁ። ያንን አየር ትቶ፣ ደንገጎን ወርዶ፣ እዚህ ምድጃ ውስጥ መግባት ቀላል ውለታ አይደለም። አክብሮቴ ይድረሳችሁ።

እንደምታውቁት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ልብ ወለድ በየምዕራፉ እያነበብኩላችሁ ነው። ሁለት የጦር ጣቢያዎች ጠፈር ላይ አሉ። የማይዋደዱ የሁለት መንግሥታት ናቸው። ባለፈው ምዕራፍ መገናኛቸው ድንገት ድርግም አለ። እዚያ ላይ አቆምኩ። ልብ አንጠልጣይ መሆኔ ነበር።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዛሬም አለች፣ ያቻትና። "ጋሼ፣ መጠባበቂያ መስመር የላቸውም እንዴ?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። ለካ አልነበራቸውም። ረስቼዋለሁ!

አስቡት እስኪ። ጣቢያ ሰቅያለሁ። መሣሪያ አስታጥቄያለሁ። የአዛዡን የጥርስ ሕመም ሳይቀር ጽፌያለሁ። መጠባበቂያ መስመር ግን የለም። ያን ቀን ቤት ገብቼ እራቴ አልወርድ አለኝ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብዬ ሠራሁላቸው። ስሙንም ስኮርታ አልኩት። ሹፌሮች ትስቃላችሁ አይደል? ስኮርታ ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከመኪናው ሥር ታስሮ የሚዞረው ትርፍ ጎማ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ምዕራፍ አላነብም። ስኮርታን እንዴት እንደሠራሁት ነው የማወራችሁ። ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛ፣ ዝምታ ለምን ያስፈራል? ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ ከምን ይሠራል? ሦስተኛ፣ ማን ይይዘዋል? ሁለተኛው ይረዝምብኛል። ከአሁኑ ይቅርታ።

እሺ፣ ዝምታ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ጠፈር ላይ የጦር ጣቢያ መኖሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የእኔ ፈጠራ የመጠባበቂያው መረብ፣ ስኮርታ፣ ነው። ሶቪየቶች በ1970ዎቹ አልማዝ የሚባል ወታደራዊ ጣቢያ ነበራቸው። ወታደራዊ መሆኑ እንዳይታወቅ ሳልዩት የሚለውን የሲቪል ስም ለጥፈውበት ነው የላኩት። በ1974 የወጣው ሳልዩት 3 የጦር አውሮፕላን መድፍ ተገጥሞለት ነበር። መድፉ ለብቻው አይዞርም። ለማነጣጠር ጣቢያው በሙሉ መዞር አለበት። ጠመንጃህን ለማነጣጠር ቤትህን ስታዞር ማለት ነው! በጥር 1975 ውስጡ ሰው በሌለበት ሰዓት ከምድር አዘው አስተኮሱት። እኛ አገር ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ በሚወጣበት ሰሞን። እዚህ ካላችሁት አባቶች ዘማች የነበራችሁ አትጠፉም። እናንተ ገጠር ፊደል ስታስቆጥሩ፣ ከጭንቅላታችሁ በላይ መድፍ ይሞከር ነበር።

አሜሪካኖችም አልተኙም። በ1963 ወታደሮች የሚኖሩበት የጠፈር ላቦራቶሪ እንሠራለን ብለው አወጁ። በ1969 ሰው ሳይሳፈርበት ሰረዙት።

አሁን እናንተ እዚያ ውስጥ ናችሁ እንበል። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራላችሁ። የድሮው ባቡራችን ከጅቡቲ ድሬ ድረስ ሲያቃስት የሚያድርበትን መንገድ እናንተ በ40 ሰከንድ ትጨርሱታላችሁ። ከድሬ ሆኜ በሬዲዮ ላናግራችሁ ብል ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው ያለኝ። ከዚያ ከአድማሱ ወዲያ ትጠልቃላችሁ። ለዚህ ነው አቀባይ ሳተላይቶች 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የተሰቀሉት። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከአንድ ቦታ የማይነቃነቅ ይመስላል። ጣቢያው ወደ ላይ ያወራል፣ እነሱ ወደ ታች ያቀብላሉ። ዋናው መስመር ይሄ ነው። በእኔ ልብ ወለድ የጠፋውም ይሄ ነው።

ሲጠፋ ምን ታስባለህ? አንድ ሰዓት ጠበቅክ፣ ዝም። ሁለት ሰዓት፣ ዝም። በመስኮት ስታይ ያኛው ጣቢያ ከሩቅ ያብረቀርቃል። እሱም ዝም ብሏል። "መስመሬን ቆርጦብኝ ይሆን?" ትላለህ። አንተ ይህን ስታስብ እሱ ምን የሚያስብ ይመስልሃል? ያንኑ!

ይሄ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1962 የኩባ ሚሳይል ቀውስ ጊዜ፣ ከክሬምሊን የመጣ አንድ ረጅም መልእክት ዋይት ሀውስ ደርሶ እስኪፈታ 12 ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ዓለም በአፍጢሟ ልትደፋ ነው፣ ደብዳቤው ገና መንገድ ላይ ነው። በዚያ ደንግጠው በዓመቱ በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል ቀጥታ መስመር ዘረጉ። ቀይ ስልክ ይመስለን ነበር አይደል? ስልክ አልነበረም። በጽሑፍ የሚያንቀጫቅጭ ቴሌፕሪንተር ነበር። ሽቦው በለንደን፣ በኮፐንሀገን፣ በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ ያልፋል። በታንጀር በኩል ደግሞ የሬዲዮ መጠባበቂያ ነበረው። እና ያ የዓለም ዕጣ የተንጠለጠለበት ሽቦ አንድ ጊዜ ምን ነካው? አንድ የፊንላንድ ገበሬ ሲያርስ በጠሰው! ሚሳይል አይደለም፣ ሰላይም አይደለም። ማረሻ!

መስመር የሚበጠሰው እንዲህ ነው ጀማዓ። ብዙውን ጊዜ ማንም ክፉ አላሰበም። የተቆረጠበት ሰው ግን ይህን በምን ያውቃል?

ወደ ሁለተኛው ልግባ። መጠባበቂያ ከምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ደንገጎን ካላወራሁ አይሆንልኝም። የዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ከሐረር ወደ ድሬ ልመለስ መናኸሪያ ገባሁ። ሁለት ሚኒባሶች በእኔ ተጣሉ። አንዱ ወያላ ቦርሳዬን ይዟል፣ ሌላው እጄን። ሹፌሮቹ ወርደው ተሰዳደቡ። ኧረ ስድቡን እናቶች ስላሉ እተወዋለሁ። በመጨረሻ ቦርሳዬ ያለበት መኪና ውስጥ ገባሁ። ምን ላድርግ?

ደንገጎን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጎማው ፈነዳ። መሽቷል። ብርዱ ለድሬ ልጅ አይቻልም። ሹፌሩ "ችግር የለም፣ ስኮርታ አለ" አለ። ሁላችንም ደስ አለን። ወያላው ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ገባና ጎማውን ፈታው። ሲያቆመው ጎማው እንደ ቂጣ ተኛ። ንፋስ የለውም። ለካ በፊተኛው ሳምንት ያው ጎማ ሥራ ላይ ውሎ፣ ተበስቶ፣ ሳይጠገን ተመልሶ ታስሯል። ሹፌሩ ወያላውን አየው። ወያላው መሬቱን አየ። አንዲት ሽማግሌ እናት "ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ምን ተሸክማችሁ ነበር የምትዞሩት?" አሉ። ይሄ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምን ተሸክማችሁ ነበር የምትዞሩት?

ስልክ ሞከርን። ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ትንሽ ቆይቶ የመኪና መብራት መጣ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ስንሰዳደብ የነበርነው ሚኒባስ! በቃ፣ ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፈናል አልን። ቆመ። ሹፌሩ ወረደ። ሰላምታ የለም፣ ምንም የለም። የራሱን ስኮርታ ፈትቶ አንከባለለልን። "ነገ ጠዋት ትመልሳለህ" አለና ሄደ። የጎማው ቁጥር ከእኛው ጋር አንድ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ወሰድኩ። መጀመሪያ፣ የእኛ ስኮርታ ለምን ከዳን? ከዋናው ጎማ ጋር ስንፍናም ስለሚጋራ ነው። ዋናውን የሚረሳ ሰው ትርፉንም ይረሳል። መጠባበቂያ መስመርም እንደዚያው ነው። ከዋናው ጋር አንድ ሕንፃ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ሽቦ ከተጋራ መጠባበቂያ አትበሉት። ጌጥ ነው።

ማስረጃ ላምጣ። ሐምሌ 25 ቀን 2023፣ ሂውስተን። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚመራበት ማዕከል። የኤሌክትሪክ ማሻሻያ ሥራ ላይ እያሉ ሕንፃው መብራት ጠፋበት። አዎ፣ መብራት! እኛ ብቻ መስሎን ነበር። ከጣቢያው ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። ታዲያ ላይ ላሉት ሰዎች በማን በኩል ነገሯቸው? በሩሲያኖቹ መሥመር! በ20 ደቂቃ ውስጥ። በ2013ም ኮምፒውተር ሲያድሱ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦባቸው፣ ጣቢያው በሩሲያ የምድር ጣቢያዎች ላይ ሲያልፍ ነበር የሚያወሩት። በ2023 ደግሞ ልብ በሉ፣ ዩክሬን ውስጥ ጦርነት አለ። ሁለቱ መንግሥታት ዓይንህን ላፈር ተባብለዋል። ስኮርታው ግን ያኛው ሚኒባስ ላይ ነበር።

ለምን ሠራ? ምንም ስለማይጋሩ ነዋ! ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ መብራት፣ ሌላ አንቴና፣ ሌላ መሐንዲስ፣ ሌላ ቋንቋ። ከአንተ መሣሪያ ጋር የማይመሳሰል መሣሪያ የት ታገኛለህ? ባላንጣህ ቤት ነው። ወንድምህማ ያንተኑ ነው የሚገዛው። የልብ ወለዴ ሥር ይሄ ነው። ስኮርታ የሁለቱም ነው። ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ሳይጻጻፉ፣ ውል ሳይፈርሙ፣ አንዱ የሌላውን መልእክት ሳይከፍት ያደርሳል።

"ኧረ ባክህ፣ ወታደር እንዲህ ያደርጋል?" ያላችሁ አላችሁ። ሰምቻለሁ፣ ከግራ በኩል ነው። የደንገጎውን ሹፌር አምጥቼ ባሳያችሁ ደስ ባለኝ።

አሁን ቁሳቁሱ። ከምን ልሥራው? ነባር ሐሳብ ፍለጋ ስገባ አሜሪካኖች በ1963 ያደረጉትን አየሁ። የባሕር ሥር ገመዳችን ቢቆረጥ፣ ፀሐይም ሰማዩን ብታውክብን ብለው ፈሩ። ከዚያ ምን አደረጉ? 480 ሚሊዮን የመዳብ መርፌ ጠፈር ላይ በተኑ! እያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ከፀጉር የቀጠነ። ሬዲዮ የሚያንጸባርቅ ሰው ሠራሽ ቀለበት ለምድር ሊያጠልቁላት። ለጥቂት ጊዜ ሠራ፣ መልእክትም ተላከበት። የሥነ ፈለክ ሰዎች ግን ጮኹ። አብዛኛው መርፌ ወደ ምድር ወርዷል፣ ተጣብቆ የቀረው ጉብታ ግን ዛሬም ይዞራል። እኔ ይህን ለስኮርታ አልወሰድኩም። ሰማይ ላይ መርፌ መበተን እናቴ ብትሰማ ትቆጣለች።

ጨረቃን ግን ወሰድኩ። ጨረቃ ማንም የማይቆርጣት አንቴና ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1960 ዋሽንግተንን ከሐዋይ ጋር በጨረቃ ያገናኝ ነበር። ድምፁን ጨረቃ ላይ ትወረውራለህ፣ ነጥሮ ይመጣል። ደርሶ መልስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። ችግሩ፣ ላኪም ተቀባይም ጨረቃን ማየት አለባቸው።

ተወርዋሪ ኮከብንም ወሰድኩ። ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው። ጠጠሯ ስትነድድ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የጋለ ጭራ ትተዋለች። ጭራው ከሰከንድ ብዙም አይቆይም። በዚያች ቅጽበት ግን ሬዲዮ ያነጥራል። እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ድረስ! ወታደሮች በእውነት ሠርተውበታል። መልእክትህን ቆርጠህ፣ አድፍጠህ ትጠብቃለህ። ጭራዋ ስትመጣ ቁራጩን ትወረውራለህ። ደግሞ ትጠብቃለህ። በጣም የሚበዛው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ንጋት ላይ ያለው የምድር ክፍል ምድር ወደምትሮጥበት አቅጣጫ ፊቱን ያዞረ ነው። ዝናብ ውስጥ ስትሮጡ ፊታችሁ ከጀርባችሁ በላይ እንደሚርሰው። ስለዚህ የስኮርታ ሰዎች ንጋት ላይ ነው ሥራ የሚበዛባቸው። ለአዛን ከሚነሣው ጋር ይነሣሉ።

አንድ ስህተቴንም ልናዘዝ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁሉንም በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበር የሠራሁት። በልብ ወለዱ ዋናውን መስመር ያጠፋው የፀሐይ ማዕበል ነው። አንድ የፊዚክስ ተማሪ አነበበውና "ጋሼ፣ ፀሐይ ስትፈነዳ አጭር ሞገድም እኮ ይሞታል" አለኝ። ልክ ነው። ፍንዳታው ቀን በሆነበት የምድር ክፍል ሰማዩ ሞገዱን ይውጠዋል። አያችሁ? ደንገጎ ላይ የተማርኩትን ቁጭ ብዬ ስጽፍ ረሳሁት! መጠባበቂያዬ ከዋናው ጋር አንድ ጠላት ይጋራል። ልጁ መፍትሔውንም ነገረኝ፦ ጨለማው ጋ ሂድ። ሌሊት በሆነበት በኩል ፍንዳታው ቶሎ አያገኘውም። ጣቢያው ምድርን በ90 ደቂቃ ስለሚዞር ብዙ ሳይቆይ ጨለማው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አሁን የእኔ ወታደር ሲጨነቅ ሌሊትን ይጠብቃል። ጥሩ ትዕይንት ወጣው፣ በሚቀጥለው ታዩታላችሁ።

ስለ ፀሐይ ካነሣን፣ በ1859 ትልቁ ማዕበል ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቴሌግራፈኞች ባትሪያቸውን ነቅለው፣ ሰማዩ በሽቦው ላይ በለቀቀው ኤሌክትሪክ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ተነጋግረዋል። ማዕበሉ ራሱ ባትሪ ሆናቸው። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው ልቤን የሚወስዱት።

ይሄ ወደ ሦስተኛው ያገባኛል። ማን ይይዘዋል?

የስኮርታ አንዱ የምድር ጣቢያ የት ነው መሰላችሁ? እዚሁ! ድሬ፣ ድሮው ባቡር ጣቢያ፣ አንዲት ክፍል። "ለአገርህ አደላህ" ትሉኛላችሁ። አዎ አደላሁ! ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረሮች ስሙኝ። የአገራችን ረጅም የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ በምኒልክ ዘመን የተዘረጋው ከሐረር አዲስ አበባ ነው፣ 477 ኪሎ ሜትር። የራስ መኮንን የፈረስ ስም ደግሞ አባ ቃኘው ነው። በዚያ ስም ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ተጠራ። በዚያው ስም አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያ ቃኘው ተባለ። እስከ 1977 ድረስ ነበረ። ትልልቅ ሳህኖቹ የሶቪየት መንኮራኩሮችን ከሕዋ ያደምጡ ነበር። ቃኘ ማለት ደግሞ ምን ማለት ነው? ሰላይ አገር ይቃኛል። ክራርም ይቃኛል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሁለቱንም ነው የሚያደርገው። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔ ግን በደስታ ሰረቅኩት። በልብ ወለዱ የድሬው ሰው የጥሪ ስም ቃኘው ነው።

ያ ሰው አባቴ ነው። ማለቴ፣ ከአባቴ ነው የወሰድኩት። አባቴ ምድር ባቡር ስልክ ክፍል ነበር። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ሥር እገባ ነበር። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ከላይ እጀታውን ሲያዞር እሰማለሁ። ጢርር። "አሎ! አሎ አይሻ!" አይሻ ጣቢያ ያለውን ሰው በዓይኑ ብዙም አያውቀውም። በድምፅ ግን ከወንድሙ በላይ ያውቀዋል። ሥራቸው ቀላል ነው። ሐዲዱ አንድ ነው። ባቡር ከመለቀቁ በፊት "መንገዱ ነፃ ነው?" ይባላል። "ነፃ ነው" ይባላል። በፈረንሳይኛ። በቃ።

ግን በቃ አይሉም! መጀመሪያ ሰላምታ አለ። በሶማሊኛ ይጀምራሉ። የልጅ ደህንነት፣ የሚስት ደህንነት፣ የግመል ደህንነት። በአማርኛ ይደግሙታል። ሙቀቱ ይነሣል። የሐሙስ ዕለት ዓሣ ይነሣል። ከዚያ ነው መንገዱ የሚጠየቀው። አለቃው "ስልኩ የወሬ አይደለም" እያለ ይቆጣል።

አንድ ቀን ከወዲያ ስልኩ ተነሣ። "መንገዱ ነፃ ነው" አለ ድምፁ። ቃሉ ልክ ነው። ፈረንሳይኛውም ልክ ነው። ሰላምታ ግን የለም። አባቴ "ማን ልበል?" አለ። ስሙን የማያውቀው ሰው ነው። "የታመመውን ተክቼ ነው" አለ። ከጠረጴዛው ሥር የማየው የአባቴን ጫማ ብቻ ነው። ግራ እግሩ መሬቱን መምታት ጀመረ። እንዲያ የሚያደርገው ሲጠራጠር ነው። የጭነቱን ባቡር ያዘው። ሃያ ደቂቃ። አለቃው መጥቶ ጮኸ። አባቴ ደጋግሞ እየደወለ "ወደ ደጅ ውጣና እይ" ይለዋል። ሰውየው በመጨረሻ ወጥቶ ሲያይ፣ የሐዲድ ጠጋኞች ጋሪያቸውን ሐዲዱ ላይ ትተው ጥላ ሥር ምሳ ይበላሉ። አዲሱ ሰው ጋሪ መውጣቱን የሚነግረው አልነበረም።

አለቃው ይቅርታ አልጠየቀም። "ዓሣው እንዴት ነበር በለው" ብሎ ሄደ።

ስለዚህ በስኮርታ የይለፍ ቃል የለም። የይለፍ ቃል ይሰረቃል። ሰላምታ አለ። የድሬው ሰው ጨረቃን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚልከው "እንዴት አደርክ? የጥርስህ ሕመም ተሻለህ?" ነው። መልሱ ልክ ካልሆነ መልእክቱ አይሄድም። ይሄንንም ከአየር አላመጣሁትም። በሞርስ፣ ቁልፍ እየመቱ በነጥብና በሰረዝ መልእክት የሚልኩ ሰዎች፣ በጦርነት ጊዜ ጠላትም ወዳጅም ማን እንደሚመታ በእጁ አመታት ብቻ ይለዩ ነበር። እጅ እንደ ድምፅ ነው።

ደግሞ ሰላምታው በየቀኑ ነው። ምንም ባይኖርም። የሚባል ነገር ሲጠፋ የቡና ዋጋ ይላላካሉ። አንዱ የጦር አዛዥ ተቆጥቶ "በጦር መስመር የቡና ዋጋ?" ይላል። የድሬው ሰው ምን እንደሚመልስለት ገና አልጻፍኩም። ደንገጎ ላይ ያሉት እናት ያሉትን ልሰጠው አስቤያለሁ።

ይኸው ነው ጀማዓ። ሰዓቴን በልቻለሁ። ጥያቄ ያለው?

(እጅ ያወጡት ብዙ ነበሩ፣ ቅጂው ላይ አንዱ ብቻ ነው በደንብ የሚሰማው። ያችው ልጅ ናት።)

"ጋሼ፣ ያ የድሬው ሰውዬ፣ ቃኘው፣ እሱ ሲታመም ማን ይተካዋል?"

(እዚህ ላይ ቅጂው ውስጥ ረጅም ዝምታ አለ፤ ከዚያ ሳቅ።)

ኧረ አቦ! ይቺን ልጅ ማን ነው የላከብኝ? እሺ። ስሚ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ጊዜ ስጪኝ። እንዲያውም ነይ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንጽፈዋለን።